አራተኛዋ የሻይ ስኒ

ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ፦ በዚህ ዕድሜዬ ዛሬ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣቴን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። እስካሁን ደህና ነኝ።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኢስትሙር በሚባለው ሰፈር፣ ጎረቤቴ ሚስተር ቼን በቅርቡ ሚስቱን ቀብሮ ብቻውን ቀርቷል። ከልጅ ልጄ ከሳሮን ጋር ለቅሶ ልንደርሰው ሄድን።

ገና ሳንቀመጥ ሻይ ሊያፈላ ተነሳ። ሐዘንተኛ እንግዳ አያስተናግድም ብዬ ማንቆርቆሪያውን ነጠቅኩት። ቅጠሉን ከነውሃው ልጥደው ስል ሳሮን "አባባ፣ ስቶፕ!" ብላ ጮኸች።

ሰውየው ቀስ ብሎ መልሶ ወሰደብኝ። ሻዩ የተቆላ የቻይና ሻይ ነው፤ ኡሎንግ ይሉታል። በትንሽ የሸክላ ማፍያ አድርጎ የፈላ ውሃ አፈሰሰበትና የመጀመሪያውን ውሃ ቅጠሉን አጥቦበት ደፋው። (እኔ ብደፋው እናቴ ከቤት ታባርረኝ ነበር።) ሁለተኛውን ብዙ ሳያቆይ ቀዳው። ሽታው የገብስ ቆሎ ነው፤ መረር ይልና ጉሮሮ ላይ ጣፍጦ ይቀራል።

እኛ ሦስት ነን። እሱ የቀዳው አራት ስኒ ነው።

አራተኛዋን ያያት ዘግይቶ ነው። ሊደፋት ሲያነሳት "ተው! በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ለሞተው ሰው አንድ ስኒ ይቀዳል፤ መድፋት ነውር ነው" አልኩት። ሳሮን ትክ ብላ አየችኝና በእንግሊዝኛ ነገረችው።

ስኒዋን በሚስቱ ወንበር ፊት አስቀመጣት። ከዚያ እዚያው ቅጠል ላይ ውሃ እየጨመረ፣ ስለ እሷ ሲያጫውተን መሸ።

ስንወጣ ሳሮን "አባባ፣ ኢዝ ዛት ሪል?" አለችኝ፤ እውነት ነው ወይ ማለቷ ነው።

እንዲህ ያለ ወግ የለንም። እዚያው ቁጭ ብዬ ነው የፈጠርኩት። እናንተም ሐዘንተኛ ለማጽናናት የዋሻችሁትን ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልኮነን።