ጅቡም ተመልሷል

ካዛንቺስ ውስጥ አንድ የመንግሥት ቢሮ እሠራ ነበር። ቢሮው ዳገታማ መሬታቸውን ከከብት ከልለው ሣርና ዛፍ እንዲያገግምበት ለተዉ ገበሬዎች ድጎማ ይሰጣል። የኔ ሥራ ስልክ እየደወልኩ መሬቱ ማገገሙን ጠይቆ ቅጽ መሙላት ነው።

አንድ ቀን ለአንዲት እናት ደወልኩ።

"እማማ፣ ከከለሉት ወዲህ ምን ተመለሰ?"

"ሣሩ ተመልሷል። ጥዱም በቅሏል። ጅቡም ተመልሷል።"

"ጅብ?"

"አዎ። ሁለት በጎቼን በላ። እሱንም ጻፈው።"

ቅጹ ላይ ለጅብ የሚሆን ቦታ ስላጣሁ አለቃዬን ጠየቅኳት።

"የዱር እንስሳት ተመልሰዋል በል። ትልቅ ነጥብ ነው" አለችኝ።

"በጎቹንስ የት ልጻፋቸው?"

ትንሽ አሰበችና "ሌላ አስተያየት የሚለው ሥር" አለች።

በወሩ የሴትዮዋ መሬት ካገገሙት ሁሉ በነጥብ አንደኛ ወጣ። ደስ ብሎኝ ደወልኩና ለሽልማት አዲስ አበባ መጠራታቸውን ነገርኳቸው።

"እኔ ስመጣ የቀሩትን በጎች ማን ይጠብቃል ልጄ?" አሉኝ።

ሽልማቱን ኡራኤል አጠገብ ባለ አዳራሽ እኔ ተቀበልኩላቸው። ብዙ ተጨበጨበልኝ። ምን እንደማደርግ ግራ ስለገባኝ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።