መርዶ የሰማሁበት ቀን

ከመሥሪያ ቤቴ የወሰዱኝ አንድ የአቤቱታ ወረቀት ላይ ስለፈረምኩ ነው። የእስር ቤቱ ክፍል በር ሲከፈት የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ተቀበለኝ። ሃያ ምናምን ሴቶች እግራቸውን ሰብሰብ ሰብሰብ አድርገው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቀቁልኝ።

በአራተኛው ወር፣ አንድ እሑድ ማለዳ፣ የመጥረግ ተራዬ ነበርና መጥረጊያውን ሳነሳ እትዬ እጄን ያዙኝ። የክፍላችን ተጠሪ ነበሩ፤ በዕድሜም ሁላችንንም ይበልጣሉ።

«ተይው። ዛሬ ተራ የለሽም።»

«የኔ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ተቀመጪ ልጄ። አባትሽ አርፈዋል።»

ቀና ስል ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። ለካ ጠያቂዎች ወሬውን ካመጡ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። እንደ ወጉ ማለዳ፣ ሰንበት ላይ ሊያረዱኝ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አብረውኝ እየበሉ እየሳቁ ደብቀውኛል።

ጠባቂዋ ለቆጠራ ስትገባ መሬት ላይ አየችኝ።

«ይቺ ለምን አትጠርግም?»

«ሐዘን ላይ ናት» አሉ እትዬ።

«እስረኛም ፈቃድ ይወጣል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«አዎ፤ ሦስት ቀን። ከዛሬ ጀምሮ።»

ጠባቂዋ ቆጥራን ወጣች። ሦስት ቀን መጥረጊያ አልነካሁም።

ከተፈታሁ በኋላ ተሰደድኩ፤ አሁን ላስ ቬጋስ፣ የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ላውንደሪ እሠራለሁ። በኮሮናው ወቅት፣ በ2021 እ.ኤ.አ.፣ ሀገር ቤት እናቴ አረፈች። እህቶቼ «ብቻዋን ናት፣ ማን አጠገቧ አለ?» እያሉ ሳይነግሩኝ አርባ ቀን አለፈ። በመጨረሻ ማስክ ያደረጉ ሁለት የማኅበር እህቶች፣ ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ በማለዳ መጥተው አረዱኝ።

ሱፐርቫይዘሬ የሀገሬ ሰው ናቸው፤ በስደተኝነት ከእኔ ሠላሳ ዓመት ቀድመው የመጡ።

«የሐዘን ፈቃድ ሦስት ቀን አለሽ» አሉኝ። «ግን በሞቱ በወር ውስጥ ነው የሚወሰደው። ሲስተሙ አይቀበለውም።»

«የሰማሁት ትናንት ነው፣ ጋሼ።»

«አሜሪካኖቹን ይሄን ምን ብዬ ላስረዳቸው? ባለፈው ሳምንት ሞተች ብለሽ ፎርሙን ሙይው። ማን ቼክ ያደርጋል?»

«በእናቴ ሞት አልዋሽም።»

«አንቺ ደግሞ! ያኔም ያሳሰረሽ ይሄው ግትርነትሽ ነው።»

«ይሆናል። ቀሪ ብለው ይጻፉኝ።»

«ሦስት ቀን ቀሪ እኮ ማስጠንቀቂያ ነው። አንዴ ከደገምሽ ያባርሩሻል።»

«ይጻፉኝ፣ ጋሼ።»

ሦስት ቀን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በበሽታው ምክንያት ሰው ቤት አይገባም፤ በስልክ አለቀሱልኝ። ጸሎቴን አድርሼ ስጨርስ፣ ከእናቴ ቀጥሎ የናፈቁኝ እነዚያ ሴቶች ነበሩ፤ ጉልበታችን እየተነካካ የተቀመጥንበት ጥበት ሳይቀር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከዚያ ክፍል የሚናፈቅ ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በቅርቡ ጋሼ «ያንን ቀሪ ላሰርዝልሽ?» አሉኝ።

«ይቀመጥ» አልኳቸው። ለእናቴ ለቅሶ መቀመጤ የተጻፈበት ወረቀት እሱ ብቻ ነው።