የሙኸይት ቁጥቋጦ ቢራቢሮ

በረሃቡ ዘመን እኔና ታላቅ እህቴ በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረን ከባሱንዳ አጠገብ ጫካ ውስጥ ሰፈርን። የሚቀመስ ስናጣ አንዲት ሱዳናዊት አሮጊት ሙኸይት የሚሉትን ቁጥቋጦ አሳየችን። ፍሬው መርዝ አለው፤ ውሃ እየለወጡ ለቀናት ካልዘፈዘፉት አይበላም። ቅጠሉን ደግሞ ነጭ ቢራቢሮ ትወደዋለች። ቢጫ እንቁላሏን ቅጠሉ ላይ ትጥላለች፤ የሚፈለፈሉት አባጨጓሬዎች ቅርንጫፉን ካራቆቱት በኋላ በቀጭን ክር ተጣብቀው፣ ሽፋን ለብሰው ዝም ይላሉ። ከሳምንት በኋላ ክንፋቸው በጥቁር የተዘመዘመ ነጫጭ ቢራቢሮዎች ሆነው ይወጣሉ።

ይህን ሁሉ ልብ ብላ ያየችው እህቴ ናት። ወባ ጥሏት ከዳሳችን ደጃፍ ተኝታ፣ እፊቷ ካለው ቁጥቋጦ ላይ አንዱን ሽፋን ስትጠብቅ ሰነበተች።

“ወጣች?” ትለኛለች በነቃች ቁጥር።

“ገና ናት፣ እትየ።”

አንድ ጠዋት እሷ እንደተኛች ለማገዶ ጭራሮ ስሰብር ያንኑ ቅርንጫፍ ከእሳቱ ጨመርሁት። ሽፋኑን ያየሁት ከተንጨረጨረ በኋላ ነው። እህቴ ነቃች።

“ወጣች?”

“ወጣች። በረረች።”

“በየት በኩል?”

አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርሁ። “በፀሐይ መውጫ፣ በእኛ አገር በኩል።”

ፊቷ በራ። አሮጊቷ፣ ነጫጮቹ ቢራቢሮዎች ዝናብ ተከትለው ነው የሚሄዱት ብላን ነበር።

“እንግዲያው አገራችን ዘንቧል” አለች።

ከዚያ ወዲህ እህል ቀመሰች፤ ትኩሳቱም ለቀቃት። ብዙም ሳትቆይ ሊዘሩ ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ተነሣች።

“መዝነቡን ማን አየ? ትንሽ እንቆይ” አልኋት።

“ራስሽ አይደለሽ የነገርሽኝ?”

እውነቱን ሳልነግራት ስንቋን ቋጠርሁላት። እግሬ ቆስሎ ስለነበር “ሲሽርልሽ ትከተይኛለሽ” ብላኝ ሄደች።

ከወር በኋላ ከመንገደኞቹ ሁለቱ ተመለሱ። አገር ቤት ጠብ ያለ ዝናብ የለም አሉ። እህቴ መንገድ ላይ ከአንድ ወንዝ ማዶ ደክሟት ዛፍ ሥር ተቀምጣ፣ “ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ” ብላቸዋለች። የትኛው ዛፍ እንደሆነ ግን ሊስማሙ አልቻሉም፤ አንዱ ዋርካ አለ፣ ሌላው ግራር።

እግሬ ሲሽር ያን መንገድ ሦስት ጊዜ ተመላለስሁበት። ዛሬም ዛፍ ሥር የተቀመጠች ሴት ካየሁ፣ ጠጋ ብየ ፊቷን ሳላይ አላልፍም።