ከሩት አጠገብ ያለው ወንበር

ጌታ ይባረክ ቅዱሳን! ማይክራፎኑን ቶሎ እመልሳለሁ ብዬ ለሽማግሌዎች ቃል ገብቻለሁ፤ ግን ታውቁኛላችሁ፣ የባጃጄም የእኔም ፍሬን ደካማ ነው። ጌታ በገዛ ቅናቴ ጎትቶ እንዴት እንዳመጣኝ ዛሬ ካልመሰከርኩ አልተኛም።

ሳላምን በፊት ቀናተኛ ነበርኩ። ተራ ቀናተኛ እንዳይመስላችሁ! ባለቤቴ አልማዝ ባሮ ዳር ቆማ ውሃውን ስታይ፣ "ከአዞው ጋር ምን ያስተያያችኋል?" ብዬ የምቆጣ ሰው ነበርኩ። ክብር ለስሙ ይሁን፣ አዞው እስከ ዛሬ በሕይወት አለ!

አልማዝ ጌታን ከእኔ ቀድማ ተቀበለች። ቅዳሜ ከሰዓት ለአዲስ አማኞች ትምህርት ትሄዳለች፤ እኔ ደግሞ ተሳፋሪ ጭኜም ቢሆን በባጃጅ ከኋላ ከኋላ። አንድ ቀን ዞር ብላ፣ "ደግመህ ብትከተለኝ ኢታንግ ወንድሜ ቤት እገባለሁ፤ አልመለስም" አለችኝ። አልማዝ ስትቀልድ አውቃታለሁ። ያን ቀን አልቀለደችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተከተልኳት!

እዚህ ግቢ ማንጎው ሥር ወንበር በረድፍ ተደርድሯል። አስተማሪያችን እህት አጁሉ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር የምታስተምረው በወንበር መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ። እያንዳንዱ ወንበር አንድ መጽሐፍ ነው፤ የተቀመጠበት ሰው መጽሐፉን አንብቦ ይተርካል፣ ቀጥሎ ያለው ይቀበለዋል። እኔ ይህን በምን ልወቅ! የማየው አልማዝን ነው፤ አጠገቧ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭነውን ቾልን። ቁመቱ፣ አውሮፕላን ያለ ደረጃ የሚያራግፍ ነው የሚመስለው። ቅዳሜ በቅዳሜ እዚያው አጠገቧ!

ገብቼ ወንበሯን ያዝኩት፣ ከነእሷ ላነሳው።

"ወንድሜ፣ ወንበር አትንካ" አለች እህት አጁሉ። "ወንበር መጽሐፍ ነው። እሷ ሩት ናት፣ እሱ አንደኛ ሳሙኤል። ሩት ሲያልቅ ሳሙኤል ይመጣል። እኔ አይደለሁም እንደዚህ ያደረግኩት።"

"ሳሙኤል ሌላ ቦታ ይሂድ!"

"የት ይሂድ? ራእይ ጋ?"

ቾል ሳቀብኝ። "ባለ ባጃጅ፣ እኔም ሚስት አለችኝ። ያቻትልህ፣ ኢሳይያስ ላይ።"

እህት አጁሉ በአልማዝ ግራ ያለውን ባዶ ወንበር አሳየችኝ። "መሳፍንት ሰው የለውም። ከሚስትህ ጋር መቀመጥ ከፈለግክ አንብበህ ና።"

አነበብኩ ቅዱሳን! ለነፍሴ ብዬ እንዳይመስላችሁ፣ ለወንበሩ ነው። አልማዝ ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችኝም። ሻንጣዋ ታስሮ በር ላይ ቆሟል፤ ያልሄደችው አነብ እንደሆነ ልታይ ነው።

ተራዬ ደረሰና ተነሣሁ። "ሕዝቡ ጌታን ይረሳል፣ ይጨንቀዋል፣ ይጮኻል፣ ጌታ ያድነዋል፤ ደግሞ ይረሳል" አልኩ። መጨረሻው ላይ ግን ንጉሥ ስላልነበረ እያንዳንዱ ደስ ያለውን ያደርግ ነበር ይላል። ይህ መጽሐፍ የእኔን ቤት በየት ገብቶ አየው? ቁጭ አልኩ።

አልማዝ ተነሣች። "መሳፍንት በነበሩ ጊዜ" አለች እኔን እያየች፣ "በምድር ላይ ራብ ሆነ።" ማንጎው እስኪረግፍ ተሳቀ! ከዚያ ሩት አማቷን "ወደምትሄጂበት እሄዳለሁ፣ አምላክሽ አምላኬ ነው" የምትልበት ላይ ስትደርስ ዐይኗን ጨፈነች፤ እንባዋ ወረደ። እኔን አላየችም፣ ቾልንም አላየችም። ለጌታ ነበር የምትለው። ያን ጊዜ ያቃጠለኝ ቅናት ያለ ቤንዚን ባጃጅ ያስነሣል! ለእኔ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። እኔ እሷን ስከተል፣ እሷ የምትከተለው ይህ ማን ነው?

እህት አጁሉን ጠየቅኳት። "ወንበሮቹን ስማ፤ ይነግሩሃል" አለችኝ። ሰማሁ። ሳሙኤል ለነገሥታት፣ ነገሥታት ለነቢያት እያቀበሉኝ ማቴዎስ ደረስኩ። ሃሌሉያ! በጌታ የትውልድ ሐረግ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሩት አለች! እዚያም ቀድማኛለች! ማቴዎስ ወንበር ፊት ተንበርክኬ ጌታን ተቀበልኩ። ያን ቀን አልማዝ ሻንጣዋን ፈታች።

ቅናቴ ጨርሶ ለቀቀኝ ብል እዋሻለሁ፤ ጸልዩልኝ። ግን ዘጸአት ወንበር ላይ ጌታ ራሱ ቀናተኛ እንደሆነ ሰማሁ። እኔን ለሌላ አልሰጥም ብሎ የሚቀና አምላክ! ስሙ ይባረክ!

አንተ በር ላይ ቆመህ ሚስትህን የምትጠብቅ ወንድም፣ አየሁህ። ና ግባ፣ ጌታን እመነው። ዕንባቆም ባዶ ነው፣ ሚልክያስም ባዶ ነው። ከሩት አጠገብ ያለው ግን ተይዟል።