ቀዩን መብራት ይዤ የቆምኩ ለት

ከሰቆጣ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ሲያጓራ አባቴ የበሶ ስልቻዬን ጭኔ ላይ አስቀመጡና «እዚያ ብርድ ነው አሉ፣ አንገትህን ሸፈን አድርግ» አሉኝ። ጀርመን አገር ኮምፒዩተር ልማር ነፃ ትምህርት አግኝቼ ነበር የምሄደው፤ እሳቸው ኮምፒዩተር የሚባል ነገር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። እዚያ አላለቀስኩም። ያለቀስኩት ወልዲያ ስንደርስ ነው፣ ይህን ለእናንተ ብቻ ነው የምናገረው።

የተማርኩባትን የኑረምበርግን ከተማ ብርድ ልተወው፤ ሰዉ ነው የባሰብኝ። እኛ ዘንድ ጎረቤት ሳይጠራ ይገባል፣ እዚህ ጎረቤት ለመጠየቅ ቴርሚን ይያዛል፤ ቀጠሮ ማለት ነው። ዳቧቸው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው። የማሽላ እንጀራ የናፈቀው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢበላው ለአንድ ጉርሻ ያህል ይታለላል።

ትምህርቴን ስጨርስ አንድ ድርጅት በሙከራ ቀጠረኝ፤ እነሱ ፕሮበዛይት ይሉታል። የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ወደ ውጭ አገር ሰዎች ቢሮ ሄድኩ።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለችኝ ሠራተኛዋ።

«ኮምፒዩተር ውስጥ ያልተፈቀደልኝ ቦታ ለመግባት እሞክራለሁ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለማን ብለህ?»

«ለባለቤቱ። መግባት ካቃተኝ ይደሰታል።»

«ካላቃተህስ?»

«ያን ጊዜም ደመወዜን ይከፍለኛል።»

ፊቷ ፈገግ እንኳ አላለም። «ሙከራውን ካላለፍክ ፈቃዱም ያበቃል» ብላ ማኅተሟን መታችው። እንግዲህ እንጀራዬም መኖሪያዬም በዚያ ሥራ ላይ ተንጠለጠሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከርነል የሚባለው የኮምፒዩተሩ እምብርት ማን ምን መንካት እንደሚችል ይፈቅዳል፣ ይከለክላል። እኛ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም የተከለከለ ፋይል እንድትከፍት እንልካለን። ባዶ እጇን ከተመለሰች ከርነሉ ከልክሏታል ብለን አረንጓዴ እናበራለን፤ ከከፈተች ቀይ። ይህ ፈተና ታዲያ ጠባዩ የማይታወቅ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ይሆንና አልፎ አልፎ ያለምንም ለውጥ ቀይ ይበራል። አለቃዬ ዲተር ቀይ ባየ ቁጥር «ድገመው» ይላል። አረንጓዴ እስኪመጣ ይደገማል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቡናው ይሄዳል። እኔ ግን ደሜ ይፈላ ነበር።

አባቴ የፍየል ጉረኖ አዲስ በእሾህ ሲያጥሩ እንዲሁ አያምኑትም። ከፍየሎቹ ሁሉ አስቸጋሪዋን ሳትበላ ያስገቡና ቅጠል ውጭ ያስቀምጣሉ። በሩን ወዲያው አይዘጉትም፤ መጀመሪያ ክፍት ትተው ወጥታ ቅጠሉን ስትቀምስ ያያሉ። ከዚያ መልሰው አስገብተው ይዘጋሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ጠግባ ተኝታስ ከሆነ? አጥሩ ይሁን ያቆማት ሆዷ በምን አውቃለሁ?» ብለውኛል።

እኔም ለፕሮግራሟ መጀመሪያ ፈቃድ ሰጠኋት። ፈቃድ እያላትም አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጇን ተመለሰች! ለካ የምትደርሰው ፋይሉ ገና ሳይፈጠር ኖሯል። የሌለ ነገር ፈልጋ ስትመለስ እኛ «ተከለከለች» እያልን እንደሰት ነበር። ፋይሉ ቀድሞ በተገኘባቸው ጥቂት ጊዜያት ግን ተከልክላም ከፍታዋለች። ይዋሻል የተባለው ቀዩ ነበር እውነተኛው።

ፈተናውን ቀየርኩት። ፋይሉ መኖሩ ሳይረጋገጥ እንዳትነሳ፣ ተፈቅዶላት መክፈቷ ሳይታይ እንዳትከለከል አደረግሁ። በነጋታው መብራቱ ቀይ፣ ደግመን ብንሞክረው ቀይ፣ አሁንም ቀይ።

ዲተር እየሮጠ መጣ። «የኮምፒዩተሩን ሥርዓት ለደንበኞች የምናወጣው በዚህ ሳምንት ነው! ምን አበላሸህ?»

«ምንም። አሁን ገና እውነቱን ተናገረ።»

«የድሮውን መልሰው።»

«አልመልሰውም።»

«በሙከራ ላይ መሆንህን አልረሳህም አይደል?»

«አልረሳሁም» አልኩት። ድምፄ ያገሬ የዋግ ሰው ድምፅ ነበር። ኩራቱ ዛሬም ሳስበው ያሞቀኛል። ዲተር ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ፈተናውን አንድ በአንድ አየው። የተከለከለችውን የሚያሳልፋት ቀዳዳ ከርነሉ ራሱ ውስጥ ነበር። ሥርዓቱ ሳይወጣ ቆየ፣ ቀዳዳው ተደፈነ፣ መብራቱም በራሱ ጊዜ አረንጓዴ ሆነ። ሙከራዬ ሲያልቅ ዲተር ራሱ ቋሚ ውሌን ይዞልኝ መጣ፤ እንደኮረፈ ነው፣ ግን እጄን ጥብቅ አድርጎ ጨበጠኝ።

አባቴ በገበያ ቀን ሰቆጣ ቴሌ ቢሮ ሆነው ስልኬን ይጠብቃሉ።

«አባባ፣ ቋሚ አደረጉኝ!»

«ምን አደረጉህ?»

«ቋሚ ሠራተኛ። ከእንግዲህ ከዚህ አገር ማንም አያስወጣኝም።»

«እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!» ወደ ተሰለፈው ሰው ዞረው በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ ሲያወሩ ሰማሁ፤ አንዲት ሴት እልል አለች። ደረቴ ኮቱን ሊቀድድ ደረሰ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሱ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«እንግዲያ እዚያው ልትቀር ነው?»

«አይሰማም አባባ፣ መስመሩ ይቆራረጣል» አልኩ።

«እኔስ ጥርት አድርጌ እሰማሃለሁ» አሉኝ፤ «ንገረኝ።»