ሳይበለት የተፈለጠው በሬ

የአባቴ ታላቅ ወንድም ካረፉ ይህ የመጀመሪያው ፋሲካ ነው። ሁላችንም አያ እንላቸው ነበር። ማክሰኝት አጠገብ ባለው መንደራችን የቅርጫ በሬ በታረደ ቁጥር ቢላዋውን የሚይዙት እርሳቸው ነበሩ። ከመቁረጣቸው በፊት ዐይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው መገጣጠሚያውን ይፈልጋሉ።

«ምነው አያ፣ በመጥረቢያ ቢሉት አይፈጥንም?» አልኳቸው አንድ ጊዜ።

«መቁረጥማ ማንም ይቆርጣል» አሉኝ። «በለተ ማለት እያንዳንዱን ብልት ከነስሙ አውቆ፣ አጥንት ሳይሰብሩ መለየት ነው። ቃሉም የወጣው ከዚያው ከብልት ነው። የተጣሉ ሰዎች ነገርም እንዲሁ ይበለታል፤ መገጣጠሚያውን ሳታገኝ ቢላዋ እንዳታሳርፍ።»

እኔ ሰነፉ ቆሜ አየሁ እንጂ አንድ ቀን እጄን ከእጃቸው ሥር አላስገባሁም።

ዘንድሮ ቢላዋው ለእኔ ተሰጠኝ። መገጣጠሚያውን ዳስሼ ዳስሼ አጣሁት። የሚያሳየኝ ሰው በመንደሩ የለም። በመጥረቢያ ፈለጥነው፤ የአጥንት ስብርባሪ ሥጋው ውስጥ ገባ። ማንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥጋውን በቅጠል ላይ ስደለድል እጄ እንደ ወትሮው አሥራ ሁለት መደብ አደረገው። ዕጣ ወጥቶ ሁሉም የየድርሻውን አነሣ። አንድ መደብ ቅጠሉ ላይ ቀረ።

አሥራ አንድ ነበርን።