የነጩ ግንብ ቀዳዳዎች

ናዝሃን ሰው የሚያውቃት በቤቷ ነው። ባሏ ዋዲዕ ዕድሜውን አቢጃን ጨርቅ ሲነግድ ኖሮ ተመለሰና ከመንደራችን አናት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ነጭ ቪላ አሠራላት። እውነቱን እንናገር ካልን ያልቀናባት የለም። ከበረንዳው ሆነው ሲያዩ ቤይሩት እስከ ባሕሩ ወለል ብላ ትታያለች። ናዝሃ ማለዳ እዚያ ወጥታ ስትቀመጥ ንግሥት ንግሥት ይላታል።

የግቢውን አፈር ገደሉ ላይ ደግፎ የያዘው ረጅም ግንብ ነው። ከሥሩ ደግሞ በልጃቸው ስም ኡም ሺብል የምንላቸው አሮጊት ይኖራሉ፤ ጣሪያቸው ላይ በለስ ያሰጣሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ግንብ ሲሠራ የውኃ መውጫ ቀዳዳ ይተውለታል፤ ተራራው ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን በዚያ ይተፋል። ከየቀዳዳው ሥር ግን ቡናማ መስመር ይወርድና ነጩን ግንብ ያበላሸዋል።

የልጇ የሊያን የቀለበት ድግስ ሲደርስ ናዝሃ እንቅልፍ አጣች። የአማቾቿ መንገድ በዚያው በግንቡ በኩል ነዋ! የሰው መሳቂያ ልታደርገኝ ነው እያለች ዋዲዕን ነዘነዘችው። ግንበኛው ቀዳዳው በከንቱ አልተተወም ቢልም አልሰማችም፤ በሲሚንቶ አስደፍና ቀለም አስቀባችው። ድግሱ ሲያልፍ ይከፈታል ተባለ። ድግሱ አለፈ፣ ግንቡ አማረ፣ ማን ያስታውሰው!

በጥር፣ በክረምታችን እምብርት፣ ዝናቡ አላባራ አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግንቡ ሆዱን ነፍቶ ተናደ። ቪላው ምንም አልሆነም። ድንጋዩና ጭቃው የወረደው በኡም ሺብል ወጥ ቤት ላይ ነው። አሮጊቷን በሕይወት አወጧቸው፤ እግራቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

መንደሩ በዝናቡ አሳበበ። ግንበኛው ዝም አለ። ዋዲዕ ወጥ ቤቱን መልሶ አሠራላቸውና ተመረቀበት፤ ለሚስቱም አፍሽን ያዢ አላት። ናዝሃ እህል አልወርድ አላት። በረንዳ መውጣትም ተወች፤ ከዚያ ሆና ቁልቁል ስታይ የኡም ሺብል ምርኩዝ ይታያታላ።

ፋሲካ ሲቃረብ ኡም ሺብል በዚያ እግራቸው ዳገቱን ወጥተው መጡ። ከዋዲዕ ጋር ምድጃ ዳር የተቀመጠችው ናዝሃ ክው አለች፤ ሰምተዋል፣ አለቀልኝ ብላ። አሮጊቷ ግን ከጉያቸው አንዲት ቁራጭ ጨርቅ አወጡ። እኛ ዘንድ የሰው ዓይን ያገኘው ቤት የቀናበትን ሰው ልብስ ቁራጭ አቃጥሎ ይታጠናል። የቀናው ሰው ራሱ ቀዶ ሲያመጣ ግን ታይቶ አይታወቅም።

«ልጄ፣ ይቅር በዪኝ» አሉ። «በለስ ሳሰጣ ቀና እያልኩ ቤትሽን እመኝ ነበር፤ የእግዜርን ስም እንኳ ሳልጠራ። ግንብሽን የጣለችው ዓይኔ ናት። እግሬንም የቀጣኝ እሱ ነው።»

ናዝሃ ተነስታ እጃቸውን ያዘች። «እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ። ድግሱ እንዲያምርልኝ ብዬ የውኃውን ቀዳዳ ያስደፈንኩት እኔ ነኝ።»

በኡም ሺብል ዓይን እንባ ግጥም አለ። «እኔን ለማጽናናት ብለሽ በራስሽ ላይ ታወሪያለሽ?»

«እውነቴን ነው። ዋዲዕን ይጠይቁት።»

ሁለቱም ዞረው አዩት። ዋዲዕ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ «ናዝሃ ሆደ ባሻ ናት፣ እናቴ» አለ።

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉና ቁራጯን ምድጃው ፍም ላይ ጣሏት። ከዚያ ጭሱን በእጃቸው ወደ ናዝሃ እየገፉ ቤቷን፣ ልጇን፣ ባሏን መረቁላት። ናዝሃም ቆማ ታጠነች።